ከምርት በወጡ መጠኖች ምትክ ለአሮጌ ተሽከርካሪዎች ተስማሚ ጎማ ስለመምረጥ

በኢትዮጵያ መንገዶች ላይ ከ30 እና ከ40 ዓመታት በላይ ያገለገሉ በርካታ ተሽከርካሪዎች ዛሬም በሥራ ላይ ይገኛሉ። ሰማያዊና ነጭ ቀለም የተቀቡት ላዳ ታክሲዎች፣ ቮልስዋገን ቢትል፣ ፊያት 600 እና 124፣ ፔጆ 404 እና 504፣ እንዲሁም በተለምዶ “ዲኤክስ” የሚባለው ቶዮታ ኮሮላ ከእነዚህ መካከል ይጠቀሳሉ። ለአንዳንዱ ባለንብረት እነዚህ ተሽከርካሪዎች የቤተሰብ ቅርስ ናቸው፤ ለአብዛኛው ግን የዕለት እንጀራ የሚገኝባቸው የሥራ መሣሪያዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ ደግሞ በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በሚገባ ጠብቆ የማቆየት አስፈላጊነት ይበልጥ ጨምሯል።

የአሮጌ ተሽከርካሪ ሞተር በባለሙያ እጅ ሊታደስ፣ ቦዲውም ሊጠገን ይችላል። ጎማ ግን በአገልግሎት የሚያልቅና በየጊዜው በሌላ መተካት ያለበት ክፍል ነው። ባለንብረቱ ጎማ ለመቀየር ወደ ገበያ ሲወጣ “ይህ መጠን አይመጣም” የሚል ምላሽ ማግኘቱ የተለመደ ሆኗል። በዚህ ጊዜ ቸርኬው ላይ የገባለትን ማንኛውንም ጎማ መግጠም፣ በመጋዘን ለብዙ ዓመታት የቆየ ጎማ “አዲስ ነው” ተብሎ መግዛት ወይም ያለቀ ጎማ በቢላዋ አስቆርጦ ጥርስ ያለው ማስመሰል ቀላል መፍትሔ መስሎ ሊታየው ይችላል። ሦስቱም ለአደጋ የሚያጋልጡ ናቸው።

የመጠኑ ስም ከገበያ መጥፋቱ ግን ተስማሚ ጎማ የለም ማለት አይደለም። ለአብዛኞቹ አሮጌ መጠኖች ዛሬ በምርት ላይ ያለ ተመጣጣኝ ይገኛል፤ ተመጣጣኙ የሚለየውም በግምት ሳይሆን በልኬት ነው። ይህ ጽሑፍ ልኬቱ እንዴት እንደሚሠራ፣ ፍለጋው ከየት እንደሚጀመርና ከምን መጠንቀቅ እንደሚገባ ያብራራል።

መጠኖቹ ከገበያ የጠፉበት ምክንያት

እስከ 1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ድረስ የአብዛኞቹ አውቶሞቢሎች ጎማ የውስጥ ክሮቹ እርስ በርስ በሰያፍ የተደራረቡ ነበር። የእነዚህ ጎማዎች መጠን የሚገለጸው በኢንች ሲሆን፣ የቮልስዋገን ቢትል 5.60-15 እና የፊያት 600 5.20-12 ለዚህ ምሳሌ ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማውን ስፋት፣ ሁለተኛው የቸርኬውን ዲያሜትር ያመለክታል።

ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ በ1946 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት የራዲያል ጎማ ግን ክሮቹ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብለው የሚያልፉ ናቸው። ይህ ጎማ መንገድን አጥብቆ በመያዝና ረጅም ጊዜ በማገልገል ብልጫ ስላሳየ፣ በቀጣዮቹ አሥርተ ዓመታት የሰያፍ ክር ጎማዎችን ከአውቶሞቢል ገበያ አስወጥቷል። ስፋቱም በሚሊ ሜትር መገለጽ ጀመረ፤ 155 አር 13፣ 165 አር 15 እና 175 አር 14 የዚያ ዘመን መጠኖች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ የመኪና አምራቾች ለትልልቅ የፍሬን ዲስኮች ቦታ ለማግኘትና መኪናው በመታጠፊያ ላይ ጸንቶ እንዲሄድ ለማድረግ የቸርኬውን ዲያሜትር እያሳደጉ፣ የጎማውን የጎን ከፍታ እየቀነሱ መጡ። በአሁኑ ጊዜ ከሚመረቱት አዳዲስ አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ 15፣ 16፣ 17 እና ከዚያ በላይ ኢንች ቸርኬ ይጠቀማሉ። የጎማ ፋብሪካዎችም ፈላጊው የሚበዛበትን መጠን ስለሚያስቀድሙ ባለ 12 እና ባለ 13 ኢንች እንዲሁም ጠባብ የሆኑ ባለ 14 እና ባለ 15 ኢንች መጠኖች ከዝርዝራቸው እየወጡ ይገኛሉ።

በጎማው ጎን ላይ ያለውን ጽሑፍ ስለማንበብ

ተተኪ ከመፈለግ በፊት ባለንብረቱ ተሽከርካሪው ሲሠራ የተሰጠውን ትክክለኛ መጠን ማወቅ ይኖርበታል። አሁን የተገጠመው ጎማ ቀደም ሲል በሌላ ሰው የተለወጠ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። የፋብሪካው መጠን በተሽከርካሪው መምሪያ መጽሐፍ ላይ፣ በአንዳንድ ሞዴሎች ደግሞ በበሩ ፍሬም ወይም በጓንት ሳጥኑ ክዳን ላይ በተለጠፈ ጽሑፍ ይገኛል።

ዘመናዊ የጎማ ጽሑፍ ለምሳሌ “165/80 አር 13 83 ቲ” ተብሎ ሲነበብ ትርጉሙ እንደሚከተለው ነው፦

- 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው።
- 80 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር ያለው መቶኛ ነው።
- አር ጎማው ራዲያል መሆኑን ያመለክታል።
- 13 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው።
- 83 አንድ ጎማ የሚሸከመውን ከፍተኛ ክብደት የሚገልጽ መለያ ሲሆን 487 ኪ.ግ. ማለት ነው።
- ቲ ጎማው የተፈቀደለትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚገልጽ ፊደል ሲሆን በሰዓት 190 ኪ.ሜ. ማለት ነው። ኤስ 180፣ ኤች ደግሞ 210 ኪ.ሜ. ያመለክታሉ።

እንደ 165 አር 13 ባለ፣ መቶኛው ባልተጻፈበት አሮጌ የራዲያል መጠን ላይ የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ 82 በመቶ ገደማ እንደሆነ ይወሰዳል። ስለዚህ ዛሬ ለዚህ መጠን የሚቀርበው 165/80 አር 13 ነው። በብዙ አጋጣሚዎች “ጠፋ” የተባለው ጎማ በዚህ አዲስ አጻጻፍ ሲጠየቅ ይገኛል።

ተተኪ መጠን የሚመረጥባቸው አራት መመዘኛዎች

አንድ ጎማ ለሌላው ተተኪ ሊሆን የሚችለው የሚከተሉትን አራት መመዘኛዎች በአንድነት ሲያሟላ ነው። አንዱ ቢጎድል ሌሎቹ ሦስቱ አይበቁም።

አንደኛ፣ የቸርኬው ዲያሜትር ያለ ምንም ልዩነት አንድ መሆን አለበት። 13 ኢንች ቸርኬ የሚቀበለው 13 ኢንች ጎማ ብቻ ነው። በዚህ ነጥብ ላይ “ይጠጋጋል” የሚባል ነገር የለም።

ሁለተኛ፣ የጎማው ጠቅላላ ዲያሜትር ከቀድሞው ጋር የተቀራረበ ሊሆን ይገባል። ልዩነቱ ከ3 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ በባለሙያዎች ዘንድ የተለመደ ነው። ስሌቱም ቀላል ነው፤ ስፋቱ በመቶኛው ተባዝቶ ለ100 ይካፈላል፣ ውጤቱ በ2 ይባዛል፣ በመጨረሻም የቸርኬው ኢንች በ25.4 ተባዝቶ ይደመርበታል። በዚህ መሠረት 165/80 አር 13 ጎማ 594 ሚ.ሜ. ያህል፣ 185/70 አር 13 ደግሞ 589 ሚ.ሜ. ያህል ዲያሜትር አላቸው፤ ልዩነታቸው 1 በመቶ እንኳ አይሞላም። 175/70 አር 13 ግን 575 ሚ.ሜ. ያህል ስለሆነ ከመጀመሪያው በ3.2 በመቶ ያንሳል።

ዲያሜትሩ ሲለወጥ የፍጥነት መለኪያው ንባብም ይለወጣል። ጎማው በ3 በመቶ ቢተልቅ፣ ቀድሞ በትክክል ያነብ የነበረ መለኪያ 80 ሲያሳይ ተሽከርካሪው በእውነቱ በ82.4 ኪ.ሜ. ፍጥነት ይጓዛል። ትልቅ ጎማ በተጨማሪ በመታጠፊያና በጉድጓድ ላይ ከፓራፋንጎ ጋር ሊነካካ ይችላል፤ ትንሽ ጎማ ደግሞ የተሽከርካሪውን ሆድ ወደ መሬት ያቀርባል።

ሦስተኛ፣ የቸርኬው ስፋት ለጎማው የሚፈቀድ መሆን አለበት። ይህ በብዛት የሚዘነጋ መመዘኛ ነው። እያንዳንዱ የጎማ መጠን የሚገጠምበት የቸርኬ ስፋት ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን አለው። ከወሰኑ ጠብቦ በተገኘ ቸርኬ ላይ የተገጠመ ሰፊ ጎማ ጎኑ ወደ ውጭ ያብጣል፣ መሐሉ ብቻ መሬት ይነካል፣ በመታጠፊያ ላይም ይዋልላል።

አራተኛ፣ የክብደትና የፍጥነት መለያው ከፋብሪካው መጠን ማነስ የለበትም። በአንድ አክስል ላይ ያሉት ሁለት ጎማዎች የሚሸከሙት ድምር ለአክስሉ ከተፈቀደው ክብደት በታች ከሆነ ጎማው ሲጫን ይሞቃል፤ በሞቃት ቆላማ አካባቢ በሚደረግ ረጅም ጉዞ ላይ ደግሞ የመፈንዳት ዕድሉ ይጨምራል። ለአብነት ያህል መለያው 79 የሆነ ጎማ 437 ኪ.ግ. ስለሚሸከም ሁለቱ በአንድ ላይ 874 ኪ.ግ. ይችላሉ፤ መለያቸው 83 የሆኑ ሁለት ጎማዎች ግን 974 ኪ.ግ. ይችላሉ። በታክሲ ሥራ ላይ ለተሰማራና ሁልጊዜ በተሳፋሪ ተሞልቶ ለሚሄድ ተሽከርካሪ ይህ የ100 ኪ.ግ. ልዩነት ትርጉም ያለው ነው።

በአገር ውስጥ ለሚታወቁ ተሽከርካሪዎች ማሳያ

ላዳ። የመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች 6.15-13 ወይም 155 አር 13 ጎማ ነበራቸው። ፋብሪካው በኋላ ላወጣቸው ተመሳሳይ ተሽከርካሪዎች 165/80 አር 13 እና 175/70 አር 13 ፈቅዷል። ከላይ እንደተመለከተው የሁለቱ ልዩነት ከ3 በመቶ ጥቂት ይበልጣል፤ ነገር ግን የተሽከርካሪው አምራች ራሱ ለሞዴሉ የፈቀደው መጠን ከአጠቃላይ ስሌት ይቀድማል። 175/70 አር 13 ዛሬም ለትንንሽ አውቶሞቢሎች የሚመረት በመሆኑ ለላዳ ባለንብረቶች ተመራጭ አማራጭ ነው። የቸርኬው ስፋት በሞዴሉ ስለሚለያይ ከግዢ በፊት መለካት ይኖርበታል።

ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ። እንደ ሞዴሉ 155 ወይም 165 አር 13 ይጠቀማል። ተተኪዎቹ 155/80 አር 13 እና 165/80 አር 13 ናቸው። መጨረሻው ላይ “ሲ” የሚል ፊደል ያለበት 165 አር 13 ጎማ ለአነስተኛ የጭነት መኪና የተሠራ ነው። ክብደት በመሸከም ረገድ ጉድለት ባይኖረውም፣ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ለቀላል አውቶሞቢል ምቾት አይሰጥም፤ የሚነፋበት ግፊትም የተለየ ስለሆነ የባለሙያ ምክር ያስፈልገዋል።

ቮልስዋገን ቢትል። የ5.60-15 ተተኪ 165 አር 15፣ በአሁኑ አጻጻፍ 165/80 አር 15 ነው። ይህ መጠን በገበያ ላይ እንደ ልብ ስለማይገኝ ብዙ ጊዜ 195/65 አር 15 በምትኩ ይቀርባል። የመጀመሪያው ዲያሜትር 645፣ የሁለተኛው 634.5 ሚ.ሜ. በመሆኑ ልዩነቱ 1.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ቸርኬውም በሁለቱም 15 ኢንች ነው። ይሁን እንጂ 195/65 አር 15 ቢያንስ 5.5 ኢንች ስፋት ያለው ቸርኬ ይፈልጋል፤ የቢትል ቸርኬ ስፋት ደግሞ ከ4 እስከ 4.5 ኢንች ነው። ስለዚህ ጎማው በዲያሜትር ቢስማማም በስፋት አይስማማም፤ ሊገጠምም አይገባውም።

ፊያት 600። የ5.20-12 ቅርብ ተተኪ 135 አር 12፣ ማለትም 135/80 አር 12 ነው። ለአነስተኛ የጭነት መኪናዎች የሚመረተው 145 አር 12 ሰፋና ከፍ ያለ ስለሆነ፣ መሪው ሙሉ በሙሉ ሲዞር ከአካሉ ጋር እንደማይነካካ ሳይረጋገጥ ሊገዛ አይገባም።

ፔጆ 504። ለ175 አር 14 ተተኪው 175/80 አር 14 ሲሆን፣ 185/75 አር 14ም በዲያሜትር ከግማሽ በመቶ ያነሰ ልዩነት ብቻ አለው። የቸርኬው ስፋትና የክብደት መለያው ከተስማሙ ሁለቱም ያገለግላሉ።

ፈጽሞ ሊሞከሩ የማይገባቸው አገጣጠሞች

አንዳንድ መጠኖች በዓይን ሲታዩ የሚገጥሙ ይመስላሉ፤ ውጤታቸው ግን ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ከእነዚህ ዋነኛው 16 ኢንች ጎማን በ16.5 ኢንች ቸርኬ ላይ መግጠም ነው። 16.5 ኢንች ቸርኬ በቀድሞ ዘመን በተሠሩ አንዳንድ የአሜሪካ ፒክአፖችና መለስተኛ የጭነት መኪናዎች ላይ ይገኛል። የቸርኬው ጠርዝ ተዳፋት ስላለው 16 ኢንች ጎማ በላዩ ላይ ሊንሸራተት ይችላል፤ በቦታው ግን አይቀመጥም። ጎሚስታው እንዲቀመጥለት ግፊቱን በጨመረ ቁጥር በጎማው ጠርዝ ውስጥ ያለው ሽቦ ይወጠራል፤ ሲበጠስም ጎማው በአጠገቡ ያለን ሰው ለሞት በሚያበቃ ኃይል ይፈነዳል። ግማሽ ኢንች ቀላል ልዩነት አይደለም።

ሁለተኛው በሚሊ ሜትር የተለካ ቸርኬን የሚመለከት ነው። አንዳንድ የፈረንሳይ አሮጌ አውቶሞቢሎች የቸርኬ ዲያሜትራቸው 380 ወይም 400 ሚ.ሜ. ተብሎ የተገለጸ ነው። 380 ሚ.ሜ. ከ15 ኢንች ጋር እኩል ሆኖ ሲወሰድ፣ 400 ሚ.ሜ. ግን 15.75 ኢንች ስለሆነ 15 ኢንችም 16 ኢንችም ጎማ አይሆነውም። በአንዳንድ የፔጆ 505 ሞዴሎች ላይ የሚገኘው፣ ቲ.አር.ኤክስ. በሚባል መለያ የሚታወቀውና ዲያሜትሩ 390 ሚ.ሜ. የሆነው ቸርኬም እንዲሁ የሚቀበለው ለእርሱ ብቻ የተሠራ ጎማ ነው። ለእነዚህ ተሽከርካሪዎች አስተማማኙ መንገድ ቸርኬውን መለወጥ ነው።

ሦስተኛው የራዲያልና የሰያፍ ክር ጎማዎችን በአንድ አክስል ላይ ማደባለቅ ነው። ሁለቱ በመታጠፊያና በፍሬን ጊዜ የሚያሳዩት ባሕርይ የተለያየ ስለሆነ ተሽከርካሪው ወደ አንድ ወገን ሊጎተት ወይም ሊሽከረከር ይችላል። አራቱንም ጎማ በአንድ ዓይነት መተካት ከሁሉ የተሻለ ነው። ይህ ለጊዜው ካልተቻለ ራዲያሎቹ ከኋላ መሆን አለባቸው። ስኮርታው ጎማም በመንገድ ላይ ሲተካ ይህንኑ ሥርዓት እንዳያፈርስ ከሌሎቹ ጋር አንድ ዓይነት ሊሆን ይገባዋል።

ቸርኬውን መለወጥ አማራጭ ሲሆን

ተመጣጣኝ ጎማ በማይገኝበት ጊዜ በምርት ላይ ያለ መጠን የሚቀበል ቸርኬ አራቱንም ለውጦ መግጠም ይቻላል። በአዲስ አበባ መርካቶ ሶማሌ ተራና በሌሎች ከተሞች ባሉ የመለዋወጫ መሸጫዎች ያገለገሉ ቸርኬዎች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ የዲያሜትሩ መስማማት ብቻውን አይበቃም። የቡሎኖቹ ቁጥር፣ ቡሎኖቹ የተደረደሩበት ክብ ዲያሜትር፣ የመሐል ቀዳዳው ስፋትና ቸርኬው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚገባበት ልክ አንድ በአንድ መረጋገጥ አለባቸው።

ለማሳያ ያህል የላዳና የፊያት 124 ቸርኬ አራት ቡሎኖች በ98 ሚ.ሜ. ክብ ላይ የተደረደሩበት ነው። በበርካታ የኋለኛ ዘመን አውቶሞቢሎች ላይ ግን አራቱ ቡሎኖች በ100 ሚ.ሜ. ክብ ላይ ናቸው። የ2 ሚ.ሜ. ልዩነቱ በዓይን አይለይም፤ በኃይል ሲጠበቅም ቸርኬው የገባ ይመስላል። ነገር ግን ቡሎኖቹ በትክክል ስለማይቀመጡ ጎማው ይንቀጠቀጣል፣ እየቆየም ቡሎኖቹ ሊላሉ ወይም ሊሰበሩ ይችላሉ። የተሰነጠቀ፣ የተጣመመ ወይም በብየዳ የተጠገነ ቸርኬም መገዛት የለበትም።

ጎማው የተመረተበትን ጊዜ ስለማረጋገጥ

ጎማ በመንገድ ላይ ሳይወጣም ያረጃል። ሙቀት፣ የፀሐይ ብርሃንና አየር ጎማውን ያደርቁታል፤ ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ውስጣዊ ንብርብሮቹ ሊላቀቁ ይችላሉ። ከምርት የወጣ መጠን የሚፈልግ ባለንብረት ለብዙ ዓመታት በመጋዘን የተቀመጠ ጎማ የማግኘት ዕድሉ ከፍተኛ ስለሆነ ይህን ነጥብ በተለይ ማጤን አለበት።

የተመረተበት ጊዜ “ዲ.ኦ.ቲ.” ተብለው የሚነበቡት የላቲን ፊደላት ከተጻፉበት መስመር መጨረሻ ላይ በአራት አኃዞች ይገለጻል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ዓመቱን ያሳያሉ። ለምሳሌ 2419 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ24ኛው ሳምንት፣ ማለትም በሰኔ ወር 2011 ዓ.ም. የተመረተ ማለት ነው። አኃዙ የተጻፈው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም፤ እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተደርጎ ከተነበበ ጎማው ከእውነተኛ ዕድሜው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያነሰ ይመስላል። ቁጥሩ ባለ ሦስት አኃዝ ከሆነ ደግሞ ጎማው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት የተመረተ ስለሆነ፣ ምንም ያህል አዲስ ቢመስል ለአገልግሎት መዋል የለበትም።

ታዋቂ አምራቾች ጎማ ከአምስት ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ እንዲታይ፣ ከተመረተ አሥር ዓመት ሲሞላውም ጥርሱ ባያልቅ እንኳ እንዲቀየር ይመክራሉ። የጥርሱ ጥልቀት በብዙ አገሮች ዝቅተኛ ወሰን ተብሎ የተያዘው 1.6 ሚ.ሜ. ነው። በጥርሱ ሸንተረሮች ውስጥ ከፍ ብለው የሚታዩት ትንንሽ ጉብታዎች ይህንን ልክ ያመለክታሉ፤ ጥርሱ ከጉብታዎቹ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አልቋል። ያለቀን የአውቶሞቢል ጎማ በቢላዋ አስቆርጦ ጥርስ ማውጣት በክሮቹ ላይ የቀረውን ስስ የጎማ ሽፋን ስለሚያስወግድ እጅግ አደገኛ ነው።

ፍለጋው ከየት ይጀመር

ባለንብረቱ በመጀመሪያ የቀድሞውን ስም ሳይሆን ተመጣጣኙን ዘመናዊ መጠን ይዞ ወደ ጎማ አስመጪዎችና ጅምላ ሻጮች ቢሄድ ውጤታማ ይሆናል። ሻጩ “የላዳ ጎማ የለም” ሊል ይችላል፤ “175/70 አር 13” ተብሎ ሲጠየቅ ግን ለሌላ አዲስ አውቶሞቢል ያስመጣው በመደርደሪያው ላይ ሊኖር ይችላል። የአንድ መጠን ፈላጊዎች ጥቂት ሲሆኑ፣ ተመሳሳይ ተሽከርካሪ ያላቸው ባለንብረቶችና የታክሲ ማኅበራት ፍላጎታቸውን አሰባስበው ለአስመጪ ማቅረባቸው ለአስመጪውም ለገዢውም ያዋጣል።

በውጭ አገር አንዳንድ የጎማ ፋብሪካዎች ለጥንታዊ ተሽከርካሪዎች የሚሆኑ መጠኖችን በአነስተኛ ቁጥር ዛሬም ያመርታሉ። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚኖሩ ዘመዶች ባሉበት ጊዜ በእነርሱ በኩል ማስመጣት አንዱ አማራጭ ነው። ይህ ሲታሰብ ሦስት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። ለገዢው ዘመድ መጠኑ ከነክብደትና ከነፍጥነት መለያው በጽሑፍ ሊላክለት ይገባል፤ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት የተመረተበት ጊዜ የሚታይበት ፎቶግራፍ ከሻጩ ሊጠየቅ ይገባል፤ የሚከፈለው ቀረጥና ታክስ እንዲሁም የሚጠየቀው ሰነድ ጎማው ከመላኩ በፊት ከጉምሩክ ኮሚሽን ሊጣራ ይገባል። ያገለገለ ጎማ ከውጭ ማስላክ አይመከርም፤ ታሪኩ የማይታወቅና በሞቃት አየር ንብረት ያረጀ ሊሆን ይችላልና።

ግዢው በማንኛውም መንገድ ሲፈጸም የጎማው ሙሉ መጠንና የምርት ስም የተጻፈበት ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል። ጉድለት ቢገኝ ሸማቹ መብቱን ለማስከበር የሚያቀርበው ዋነኛ ማስረጃ ደረሰኙ ነው።

አገጣጠምና ክትትል

የአሮጌ ተሽከርካሪ ቸርኬዎች አብዛኛውን ጊዜ የተሠሩት የውስጥ ጎማ (ካላማዳሪ) ላለው ጎማ ነው። ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማን ጠርዙ ላይ የሚይዝ ጉብታ በሌለው ቸርኬ ላይ መግጠም በመታጠፊያ ላይ አየሩ በአንድ ጊዜ እንዲወጣ ሊያደርግ ይችላል። በዚህ ጊዜ ለራዲያል ጎማ የተሠራና መጠኑ ከጎማው ጋር የሚስማማ ካላማዳሪ ሊገባበት ይገባል። የቀድሞው ካላማዳሪ ከአዲስ ጎማ ጋር እንደገና መዋል የለበትም፤ በቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ያለ ዝገትም ካላማዳሪውን ስለሚቦረቡረው አስቀድሞ መጽዳት አለበት።

ጎማው ከተገጠመ በኋላ መሪው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ሙሉ በሙሉ ዞሮ፣ ተሽከርካሪውም ተሳፋሪ በያዘበት ሁኔታ ከአካሉ ጋር የሚነካካ ነገር አለመኖሩ ይታያል። ባላንስ ይሠራል፤ ዳዶዎቹ በሰያፍ ተራ ይጠበቃሉ፤ ከ50 እስከ 100 ኪ.ሜ. ከተጓዘ በኋላም እንደገና ይፈተሻሉ። በመምሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው የአየር ግፊት ለቀድሞው ጎማ የተሰጠ ስለሆነ ለአዲሱ መጠን ተስማሚው ግፊት ባለሙያ ተጠይቆ መወሰን ይኖርበታል። ግፊት የሚለካውም ጎማው ቀዝቃዛ በሆነበት ጊዜ፣ በተለይም ማለዳ ከጉዞ በፊት ነው።

ከዓመታዊ ምርመራ ጋር ያለው ግንኙነት

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት ተሽከርካሪዎች ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ማድረግ ይኖርባቸዋል። የጎማ ሁኔታ በምርመራው ከሚታዩት ነጥቦች አንዱ ነው። ጥርሱ ያለቀ፣ ጎኑ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ፣ በአንድ አክስል ላይ መጠኑ የተለያየ ጎማ ያለው ተሽከርካሪ ለመንገድ ብቁ ነው ሊባል አይችልም። ስለሆነም ባለንብረቱ የጎማ ፍለጋውን ቦሎ ከሚታደስበት ጊዜ አስቀድሞ ቢጀምር በመጨረሻ ሰዓት ያልተስማማ ጎማ ለመግዛት አይገደድም። ቸርኬ መለወጥ ወይም ከፋብሪካው መጠን የወጣ ጎማ መግጠም ሲታሰብም፣ ወጪ ከመደረጉ በፊት የተሽከርካሪው መረጃ የሚገኝበትን የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ወይም የምርመራ ተቋም ሊብሬ ይዞ ማማከር ይገባል።

በአጠቃላይ ባለንብረቱ ወደ ጎማ መሸጫ ከመሄዱ በፊት የሚከተሉትን በአንድ ወረቀት ላይ ጽፎ መያዝ ይጠቅመዋል፦

1. የተሽከርካሪው ዓይነት፣ ሞዴልና የተሠራበት ዓመት፤
2. የፋብሪካው የጎማ መጠን ከነክብደትና ከነፍጥነት መለያው፤
3. የቸርኬው ዲያሜትርና በኢንች የተለካ ስፋቱ፤
4. በስሌት የተገኘው የቀድሞው ጎማ ጠቅላላ ዲያሜትር፤
5. ቸርኬው ያለ ካላማዳሪ የሚሠራ ጎማ የሚቀበል መሆን አለመሆኑ።

እነዚህ አምስት መረጃዎች በእጅ ካሉ ሻጩም ገዢውም የሚነጋገሩት በልኬት ላይ ተመሥርተው ይሆናል። አንድ ጎማ መሬት የሚነካው የሰው መዳፍ በሚያህል ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ የአሽከርካሪው፣ የተሳፋሪውና የእግረኛው ደኅንነት የሚያርፈው በእነዚያ አራት መዳፎች ላይ ነውና በመጠን፣ በክብደትና በዕድሜ ያልተረጋገጠ ጎማ ከመግጠም ተሽከርካሪውን ጥቂት ቀናት ማቆም ይመረጣል።